ለሻለቃ የሰፋሁት ሱሪ

እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለውዷ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል? የሰፋሁልሽ ካፖርት ትከሻው ላይ ጠበበሽ ወይስ ልክ ሆነ? ከጠበበሽ ውስጡን ገልብጠሽ እጅጌው መጋጠሚያ ላይ እዪ፤ ትርፍ ጨርቅ ትቼልሻለሁ። እዚያ ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ ሊያሰፋልሽ ይችላል። አልችልም ካለሽ ልብስ ሰፊ አይደለምና ወደ ሌላ ሂጂ።

እኔ ደህና ነኝ። ውሻችን ሻለቃም ደህና ነው። ግን ይሄ ደህና ነው የምልሽ ሻለቃ ባለፈው በስልክ የተኮራረፍንበት ሻለቃ አይደለም። ያልሽው ሆኗል፤ አስኮላሽቼዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ብዕሩም አልተሰበረ፣ ሰማዩም አልተደፋ።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ስልክ ላይ ድምፄን ትይዢብኛለሽ። «አባዬ ምን ሆነሃል?» ትያለሽ፤ እኔም «ምን እሆናለሁ» እላለሁ፤ ከዚያ ስለ ዝናብ አውርተን እንዘጋለን። ከኩርፊያችን ወዲህ ደግሞ ደህንነቴን ጠይቀሽ ለመዝጋት ትቸኩያለሽ። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን አዋላጇ ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሻለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የሰው ነገር ማወቅ እንጂ ሌላ ሥራ የላትምና፣ እጇ የገባ ወረቀት ሳይነበብ እንደማያልፍ ታውቂያለሽ። (አንቺ ሴትዮ፣ መነጽርሽን አውልቂና ፎቶሽን ብቻ አንሺ።)

መጀመሪያ ለምን እምቢ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። «አባዬ፣ አስመክነው፣ ቀላል ነው ይላሉ» ስትይኝ የተቆጣሁት ባንቺ አይደለም። እኔ ዕድሜዬን ከመቀስ ጋር የፈጀሁ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ግን ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ በሳሙና አስምሬ፣ መቀሱን ከማስገባቴ በፊት ደጋግሜ እለካለሁ። የጠበበ ይሰፋል፣ የረዘመ ያጥራል፤ የተቆረጠ ግን አንዴ ተቆረጠ። ለዚህ ነው ስፌት ውስጥ ሁልጊዜ ትርፍ የምተወው፤ ሰውየው ነገ ሊወፍር ይችላል። እንስሳ ላይ ደግሞ ትርፍ የሚባል ነገር የለም። ፈጣሪ በልኩ የሰፋውን እኔ ማን ነኝና መቀስ አስገባበታለሁ? አልኩ።

ዳኛውም ከኔ ጋር ነበር። ያው ዳኛው እንደምታውቂው ነው፤ ከኔ ሱቅ ቁልፍ ይተክላል፣ ልብስ ይተኩሳል፣ ማንም ሳይጠይቀው በሁሉ ነገር ላይ ይፈርዳል። «ሻለቃ ብላችሁ ማዕረግ ከሰጣችሁት በኋላ ልትገፍፉት?» አለኝ። «ወንድን ወንድነቱን ከነጠቅከው ምን ቀረው? ጭራ ብቻ!» በፍርዱ ደስ አለኝ። ሰው የሚፈልገውን ሲፈርዱለት ዳኛው ጥበበኛ ይመስለዋል።

አዋላጇ ግን ይግባኝ አለች። የእሷን ሙሽሪትን ታስታውሻታለሽ፣ ያቺን ቡናማ ውሻ። አጥሩን የቱንም ያህል ከፍ ብናደርገው ሻለቃ ዘሎ ከመሄድ አይመለስም ነበር። ሙሽሪት በወለደች ቁጥር አዋላጇ ቡችሎቹን በካርቶን ተሸክማ ሱቄ ትመጣና መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። «የልጅ ልጆችህን ተረከብ» ትለኛለች። መካድ አይቻል ነገር፣ ሁሉም ያንን የሻለቃን እጥፍ ጆሮ ይዘው ነበር የሚወጡት። መጀመሪያ አካባቢ ኮት ሊለካ የመጣ ደንበኛ ቡችላ ይዞ ይሄድ ነበር። ቆይቶ ግን ደንበኞቼ ካርቶኑን ከሩቅ ሲያዩ ልብሳቸው መድረሱን ረስተው መንገድ ይቀይሩ ጀመር።

ከመጨረሻዎቹ አንዱ፣ እጥፍ ጆሮው ያልነው፣ የሚወስደው አጥቶ ሱቁ በር ላይ ቀረ። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየጎተተ ዳኛው እግር ሥር ይተኛ ነበር። አንድ ጠዋት የሰው እግር ተከትሎ መንገድ ተሻገረና የጭነት መኪና ገጨው። በመስኮቱ አየሁት። ከኮት የተረፈ ገበር ነበረኝ፤ በሱ ጠቅልዬ ጓሮ ቀበርኩት። በስልክ ስትጠይቂኝ «ሰው ወሰደው» ያልኩሽ እሱን ነው። በጣም አዘንኩ፣ ልጄ። ውሻ ነው ብዬ ላልፈው ሞከርኩ፤ አላለፈልኝም።

አዋላጇ በሳምንቱ ሙሽሪትን ወስዳ አስመከነቻት። እኔም ገርሞኝ «ዕድሜሽን ሙሉ ስታዋልጂ ኖረሽ እንዴት አስቻለሽ?» አልኳት።

«እኔ ያዋለድኳቸውን እኮ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃቸው ሰው ነበር» አለችኝ። «እነዚህን ማን ቆሞ ጠበቃቸው? እስቲ አንተ ንገረኝ። አሁን እኔ የሴቷን ጨርሻለሁ፤ የወንዱ ያንተ ነው።»

እውነት እንዳላት ገብቶኝ ነበር። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አልለቅም አልኩ። አንቺም በዚያው ሰሞን ደውለሽ ያንኑ ደገምሽ፤ እኔም ጮህኩብሽ፤ አንቺም ዘጋሽብኝ።

ከዚያ ሻለቃ ታመመ።

ጓሮ ይወጣል፣ አጥሩ ጥግ እግሩን ያነሳል፣ ይቆማል። ጠብ፣ ጠብ። ይመለሳል። ሳይቆይ እንደገና በሩን ይቧጭራል። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ በር እከፍትለት ነበር። መነሳቱ አላስቸገረኝም፤ በዚህ ዓመት የኔም እንቅልፍ ቀለል ብሏል። እሱ ወደ አጥሩ፣ እኔ ወደ ሽንት ቤት፤ ስንመለስ በር ላይ እንገናኝና ማን ቀድሞ ይግባ እየተባባልን እንተያያለን። ይሄ ለሴት ልጅ የሚጻፍ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። እናትሽ ብትኖር ኖሮ ይህን ገጽ ቀድዳ ትጥለው ነበር። ቢሆንም የማወራው ስለ ውሻ ነውና ነውር የለውም።

ብርድ ነው አልኩ። ዳኛው «ውሃ ቀንስለት» ብሎ ፈረደ። ቀነስኩለት። እኔም ሱቅ ውስጥ ሻይ መጠጣቴን ተውኩ፤ ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ ነው።

አንድ ቀን ጠብታው ቀላ። የሻለቃን ማለቴ ነው።

አዋላጇ በአጥሩ ቀዳዳ አይታው ነው መሰለኝ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። «ይሄ ከጀመረው ስንት ጊዜው ነው?» አለችኝ።

«ብርድ ነው።»

«ብርድ ደም አያሸናም!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ውሻውን ትታ እኔን ታየኝ ጀመር። ሱሪዬን በቀበቶ ሰብስቤ አስሬው ነበር፤ ዓይኗ እዚያ ላይ ቆመ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች።

«ውሻ ደግሞ ምን ይደብቃል?» አልኳት።

«እኔስ መች ስለ ውሻ አወራሁ» አለችና ማሰሪያውን ከሚስማሩ ላይ አንስታ ለሻለቃ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። እየጎተተችው ነው ወይስ እየጎተተችኝ እስክል ድረስ ሦስታችን ተያይዘን እንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ደረስን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እጁ ግን የተረጋጋ። ጓንት አጥልቆ ሻለቃን ከኋላ በኩል መረመረው። እዚያች ላይ ሻለቃ ዞሮ ያየኝን አስተያየት ቀብሬ ድረስ ይዤው እሄዳለሁ።

«አባቴ፣ የፕሮስቴት እጢው አብጧል» አለኝ። «ሳይኮላሽ ያረጀ ወንድ ውሻ ላይ በብዛት ይመጣል። እጢው ሲያብጥ መንገዱን ሁሉ ይጫነዋል። ብናኮላሸው እጢው ቀስ በቀስ ይሟሽሻል፣ ይሻለዋል። ብንተወው ግን እየባሰበት ነው የሚሄደው፤ አንድ ቀን ጭራሽ ሊዘጋበት ይችላል።»

«ያረጀ ወንድ ስትል…» አልኩት። «ሰውንም ይጨምራል?»

«ሰውማ ዋናው ነው» አለኝ።

አሁን ልጄ፣ እንዳትሳሳቺ። ይህን የጠየቅኩት ለዳኛው ብዬ ነው። ዳኛው ሰሞኑን ከካውያው ላይ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ይወጣል፤ እኔም ጠርጥሬያለሁ። ስለዚህ አዋላጇ ወደ ውጭ እስክትወጣ ጠበቅኩና «አንድ ወዳጅ አለኝ» አልኩት ሐኪሙን ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው ላይም መድኃኒቱ ይኸው ነው? ማለቴ… ያው ነው የሚያደርጉት?» ቃሉ አልወጣ ስላለኝ በሁለት ጣቴ የመቀስ ምልክት አሳየሁት።

ሐኪሙ ለጊዜው አልገባውም። ሲገባው ጓንቱን አወለቀና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

«ኧረ በፍጹም አባቴ» አለኝ። «ለእንዲህ ያለው እብጠት ሰው ላይ እሱን የሚነካው የለም። ክኒን አለ። ክኒኑ ካልበቃው በቀጭን መሣሪያ ገብተው መንገዱን ይከፍቱለታል፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቆያል። ወዳጅዎ ይህን ፈርተው ነው እስካሁን ያልታዩት?»

«ሞኝ ነው» አልኩት። «ዓመት ሙሉ ሳይጠይቅ ፈራ።»

«ይንገሯቸው። ደም ካዩ ደግሞ ለነገ ብለው አያሳድሩ።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት። ነገርኩትም።

ስለ ሻለቃ ግን ያን ቀን እሺ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ወደ ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቡችላው ይተኛበት የነበረው ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኛ። ተነሳ። ተኛ። ተነሳ። ዳኛው አንድ ኮሌታ እየተኮሰ ነበር፤ ካውያውን አቆመና ሲነሳና ሲተኛ ቆሞ አየው። ውሻው ወደ በር ሄዶ፣ ቆሞ፣ ምንም ሳያደርግ ተመልሶ መጥቶ ራሱን ዳኛው ጫማ ላይ ጣለ።

«ፍርዱን ሽሬዋለሁ» አለ ዳኛው። «ወንድነቱ ይቅርና ውሻው ይትረፍልን።»

በማግስቱ ወሰድኩት። ሐኪሙ መርፌውን ወጋውና ዓይኑ እየከበደው ሲሄድ እጄን ጭንቅላቱ ላይ አድርጌ ቆየሁ። በሩ ሲዘጋ እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረሁ። አዋላጇ አጠገቤ ነበረች። ስንት ባል እንዲህ ውጭ አስቀምጣ ስታስጠብቅ እንደኖረች ትዝ አላት መሰለኝ፣ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ እጄን ያዘችኝ። እንዴት እንደሚያዝ ታውቅበታለች።

ሲያልቅ ሐኪሙ ጠራኝ። «ሲነቃ ግራ ይገባዋል፣ ይፈራል። የሚያውቀውን ድምፅ ከሰማ ግን ይረጋጋል። ያውሩት» አለኝ።

ምን ላውራው? ሻለቃ ምላሱን አውጥቶ ተዘርሯል፣ ሐኪሙና ረዳቷ ቆመዋል፤ ሰው ፊት ውሻ ማባበል አፈርኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ የሱሪ ልክ ነበር። «ወገብ ዘጠና ሁለት» አልኩ፣ ሱቅ ውስጥ እንደምጠራው ጮክ ብዬ። «ዳሌ መቶ ስድስት። ርዝመት መቶ አራት። ጉልበት ሃያ አራት። እግር ሃያ ሁለት።» የማን ልክ ነው ብትይ፣ የራሴው ነው፤ ሌላ አልመጣልኝም። ሻለቃ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከጠረጴዛው ሥር ተኝቶ የሰማው ድምፅ ይህ ነው። ዓይኑ አልተከፈተም። ጅራቱ ግን ወለሉን መታ አደረገ። እንደገና ጠራሁ፤ እንደገና መታ። ረዳቷ ፊቷን ዞር አደረገች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ።

አሁን ደግሞ የሚያስቀውን ልንገርሽ። ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የሚጠለቅ የላስቲክ መከለያ ሰጡን። ሻለቃ አጥልቆት በር ሲገባ መቃኑን ገጨው፣ ወንበር ገለበጠ፣ በመጨረሻ ግድግዳ ተጠግቶ እንደተቀጣ ተማሪ ቆመ። ልቤ አልቻለም። እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁ? አወለቅኩለትና ሱሪ ልሰፋለት ተነሳሁ። ከአንድ ትልቅ ሰው ሱፍ የተረፈ ግራጫ ጨርቅ ነበረኝ። ለካሁት፣ ቆረጥኩ፣ ለጅራቱ ቀዳዳ አወጣሁ፣ ወገቡን በላስቲክ አደረግኩት፤ ሰፍቼ ለዳኛው አቀበልኩት። ዳኛውም እንደልማዱ ሳያይ ፊት ለፊቱ ላይ ቁልፍ ተከለበት።

ስናለብሰው ነው ያየነው። ሁለት የጎን ኪስና አንድ የኋላ ኪስ አውጥቼለታለሁ። ከነገበሩ! እጄ ሱሪ ብሎ የጀመረውን ያለ ኪስ መጨረስ አያውቅም።

አዋላጇ ወንበሩ ላይ ተደፍታ ሳቀች። «ምን ሊከትበት ነው? መታወቂያውን?» አለች። ሻለቃ ግን ሱሪውን በክብር ለበሰው። መንገድ ላይ ሲያልፉ የሚያዩት ሁሉ ይስቃሉ፤ እሱ ደረቱን ነፍቶ ያልፋቸዋል። ቁስሉም ሳይነካካ ዳነ።

አሁን ሱሪውን አውልቋል። ሌሊት አይነሳም። ጠዋት ወጥቶ እግሩን ሲያነሳ ያለ ምንም ጭንቀት፣ ረጅም ጊዜ፣ እንደ ወጣት… ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እንዴት እንደምቀናበት አትጠይቂኝ። አጥሩን አይዘልም፤ ሙሽሪት ወደዚህ ስትመጣ ግን አጠገቧ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። ይነጠቃል ብዬ የፈራሁለት ነገር ምን እንደነበረ አሁን ሳስበው አይታየኝም። የድሮ ጠላቶቹ ላይ ዛሬም ይጮኻል። ዳኛውን ዛሬም ይወዳል። ቦርሳሽ ውስጥ ደብቀሽ ያመጣሽው ዕለት እናትሽ ላይ የጮኸበት ያ ኩራቱ አንድ ክር አልጎደለበትም። ቀድሜ ሰምቼሽ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ስቃይ ይቀርለት ነበር፤ እጥፍ ጆሮውም መንገድ ላይ አይቀርም ነበር። እውነትሽን ነበር ልጄ። ከዚህ በላይ አታስጽፊኝ።

እንግዲህ የመጨረሻውን ልጻፍ።

ማክሰኞ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ሥራ አግኝቼ ነው። ለበሽተኛ የሚያለብሱትን ከኋላ የሚታሰር ጋውን አይተሽዋል? ያንን የቆረጠው ሰው ልብስ ሰፊ ሳይሆን ጠላት ነው፤ ሰውን ከኋላው ባዶ የሚያስቀር! እዚያው ሆኜ፣ ለብሼውም ቢሆን፣ እንዴት እንደሚስተካከል አይላቸዋለሁ። ሥራው ረቡዕ ጠዋት ነው። ጥቂት ቀን እዚያው አድራለሁ፤ ሥራው እንደዚያ ነው አሉኝ። አትሳቂ። አታልቅሺ። ትኬት መፈለግም የለም፤ ሥራሽን ትተሽ ብትመጪ እቆጣለሁ። ሐኪሙ፣ ማለቴ አሠሪው፣ በየቀኑ የሚያደርገው ነገር እንደሆነ ነግሮኛል። ዳኛው ሱቁን ይከፍታል። ሻለቃን አዋላጇ ትመግባለች።

እንዲሁ የምሄድ እንዳይመስልሽ፤ ለዚህ ሥራ ተዘጋጅቻለሁ። ግራጫዋን ሱሪዬን፣ አንቺ «ጥሩ ልብስ» እያልሽ የምትጠሪያትን፣ ትናንት አጠበብኳት። ወገቧ ሰፍቶ ነበር። ትርፉን ግን አልቆረጥኩትም። ወደ ውስጥ አጥፌ በሰፋፊ ስፌት ብቻ ይዤዋለሁ፤ በአንድ እጅ የሚተረተር። ይመለሳልና።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ነገር መጠየቅ አልለመድኩም፤ ስለዚህ አንዴ ብቻ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ ቀትር ላይ ደውዪልኝ። እኔ ካላነሳሁ አዋላጇ ታነሳለች፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ታደርግልኛለች። ሰው ሲነቃ ግራ ይገባዋል፣ ይፈራል ይባላል፤ የሚያውቀውን ድምፅ ከሰማ ግን ይረጋጋል። ምን ልበለው ብለሽ አትጨነቂ። ልጅ ሆነሽ፣ እኔ ሰው ስለካ፣ አንቺ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ የጠራሁትን ሁሉ ጮክ ብለሽ ትደግሚልኝ አልነበር? እሱን አድርጊልኝ። ወገብ ዘጠና ሁለት፣ ዳሌ መቶ ስድስት፣ ርዝመት መቶ አራት። አሁን ቀንሻለሁ፤ አንቺ ግን የድሮውን ልክ ጥሪልኝ። በድሮው ልኬ ነው መነሳት የምፈልገው።

የያዝሽው ሁሉ ይስመርልሽ። ብርዱ በአጠገብሽ ይለፍ፣ የሰው ፊት አይጥቆርብሽ፣ ደክመሽ ስትገቢ ቤትሽ ይሙቅሽ። እወድሻለሁ። ይህን በስልክ ብዬሽ አላውቅም፤ አሁንም በወረቀት ስለሆነ ነው የደፈርኩት።

አባትሽ፣
ልብስ ሰፊው

ዳር ላይ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ፦

መነጽሬን አላወለቅኩም። ረቡዕ ስልኩን የምይዝለት እኔ ነኝ። ጮክ ብለሽ ጥሪ ልጄ፤ ጆሮውም እንደ ወገቡ ቀንሷል።